ሁሉንም የሚወስድ ቤት

*ወላጅ አልባ ወንድማማቾችና እኅትማማቾች ሳይበታተኑ እንዲያድጉ ምን ይጠይቃል? ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ*

በሠልስቱ ንፍሮው ተዘግኖ፣ ጠላው ተቀድቶ፣ ቄሱ ጸሎቱን አሳርገው ሲያበቁ ለቀስተኛው ወደየቤቱ ይመለሳል። የሚቀረው የሥጋ ዘመድ ነው። በወገዳም፣ በአርብ ገበያም፣ በነፋስ መውጫም ዙሪያ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ያን ጊዜ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ልጆቹስ ምን ይሁኑ?»

እናት ወይም አባት በሕይወት ካለ ጥያቄው ያድራል። ሁለቱም ካለፉ ግን እዚያው መልስ ይፈልጋል፤ መልሱም አይጠፋም። አጎት ከብት የሚጠብቅለት አጥቶ ሰንብቷልና «ትልቁን እኔ ልውሰድ» ይላል። ደብረ ታቦር የምትኖር አክስት ሴቷን ልጅ ይዛ ትነሳለች፤ ታስተምራታለች፣ ልጅቷም ቤት ታግዛታለች። ጡት የጣለው ትንሹ ለአያት ይተዋል። የቀረው ወንድ ልጅ «ፊደል ለይቷል፣ ጎበዝ ነው» ተብሎ ወደ ቆሎ ትምህርት ቤት ይሸኛል። ፀሐይ ሳትጠልቅ አራቱም ማደሪያ አግኝተዋል። ዘመድ የአቅሙን አድርጓል፣ ሽማግሌውም መርቆ ይነሳል።

ልጆቹ ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ ወላጆቻቸውን፣ ቤታቸውን፣ ከዚያም እርስ በርሳቸው አንዱ ሌላውን አጡ። ሦስተኛውን ሐዘን ያመጣው ሰው ነው። በክፋት አላመጣውም፤ እንዲያውም ከልቡ አዝኖ፣ ከራሱ ማጀት ቆርሶ ሊያጎርስ ተነስቶ ነው። ነገሩን ለማንሳትም የሚያስቸግረው ይኸው ነው።

ከጉና እስከ በሽሎ

ከጉና ተራራ ግርጌ ተነስቶ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርደው ይህ ሀገር በደጋው ገብስና ድንች፣ በወይና ደጋው ጤፍ፣ በቆላው ማሽላ ያበቅላል። ዝናብ ሲያጥር ግን ችግሩ ቶሎ ይደርሳል። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ካቀፋቸው ወረዳዎች መካከል ናቸው። ወጣቱ በክረምት የሰሊጥ አረም ፍለጋ ወደ መተማና ሑመራ ይወርዳል። ከዚያ ወባና ካላዛር ይዞ የተመለሰው ስንት ነው! በ1997 ዓ.ም. ካላዛር በጎረቤት ሊቦ ከምከም በወረርሽኝ መልክ ሲነሳ ብዙ ቤት አዝኗል።

ከዚያ በፊት የ1977ቱ ረኀብ ነበር። ከጎንደርና ከወሎ የተሰደደ ረኀብተኛ እብናት በነበረው መጠለያ ታጭቆ ሳለ፣ በዚያው ዓመት ሚያዝያ የደርግ ባለሥልጣናት መጠለያውን በኃይል ዘግተው በአሥር ሺዎች የሚቆጠረውን ሕዝብ በእግሩ ሸኙት። በዚያ ጉዞ ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው የነበሩ ስንት ልጆች እንደተለያዩ የቆጠረ የለም። በ1990ዎቹ ደግሞ ኤችአይቪ በየከተማው የልጆችን ወላጆች ነጠቀ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ነፋስ መውጫ ከተማ ገባ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የቀጠለው ግጭትም ሌላ የሙት ልጅ ትውልድ እያስከተለ ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል የገጠሩን የሙት ልጅ ያሳደገው ማሳደጊያ ተቋም አይደለም፤ ዘመድ ነው። አያት፣ አክስት፣ አጎት፣ የክርስትና እናት። በጥንቱ ሥርዓት ዘመድ ያልሆነ ሰው እንኳ ጡት በማጥባት ወይም ማር የተቀባ ጣት በማስጠባት የሰውን ልጅ የራሱ ያደርግ ነበር፤ የጡት ልጅ ከአብራክ ልጅ የማያንስበት ቤትም ብዙ ነው። ቤተ ክርስቲያንም በበኩሏ ትልቅ መጠጊያ ሆናለች። ጋይንት የድጓ ዜማ ምስክር ቤት የሆነችው የቤተልሔም ሀገር ነው። ለዘመናት ከሩቅም ከቅርብም እናት አባት የሌለው ልጅ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ እየተማረ መሪጌታ ሆኗል።

እነዚህ መንገዶች አንድ ነገር ይጎድላቸዋል። ሁሉም ልጅን የሚቀበሉት አንድ በአንድ ነው።

> አራቱም ማደሪያ አግኝተዋል። አራቱ አብረው የሚያድሩበት ግን አልተገኘም።

ታላቅ እኅት

በሕፃናት ጉዳይ የሚሠሩ ባለሙያዎች ወላጅ ያጡ ልጆች ቤት ሲገቡ መጀመሪያ የሚያዩት ታላቂቱን ነው። ዘጠኝ ወይም ዐሥር ዓመቷ ይሆናል። እናት ታማ በተኛችበት ጊዜ ሁሉ እሳት ያነደደችው፣ ውኃ የቀዳችው፣ ሕፃኑን ያዘለችው እሷ ናት። እንጀራ ሲቀርብ ለትንንሾቹ ቆርሳ ፊታቸው ታደርግና እነሱ መብላት ሲጀምሩ ብቻ እጇን ትሰዳለች። ሌሊት ትንሹ ሽንቱ ሲመጣ ማንንም አይጠራም፤ እሷን ነው የሚነካት።

እንዲህ ያለችውን ልጅ አክስት ለብቻዋ ወደ ከተማ ስትወስዳት ልጅቷ ትገረጣለች፣ ትምህርት አልገባ ይላታል፣ ትንሽ ስትቆይም ትጠፋለች። «ያን ያህል አብልቻት አልብሻት!» ትላለች አክስት፤ አዝናም ተቀይማም። ልጅቷ ግን ያን ጊዜ ሌላ ነገር ነው የሚያስጨንቃት። ትንሹ በላ ወይ? አያቴስ ሌሊት ይሰሙታል ወይ?

የታናሹም ነገር እንዲሁ ነው። እናት የሞተችበትና እናት ገበያ የሄደችበት ልጅ እኩል ያለቅሳል ይባላል፤ ሞት ገና የማይገባው የሦስት ዓመት ልጅ እናቱን ከሚጠብቀው ይልቅ አጠገቡ የነበረችውን እኅቱን ይጠብቃል። እሷ ስትወሰድ ለእሱ ሁለተኛ እናት ሞታለች ማለት ነው።

በሌላው ዓለም የተደረጉ ጥናቶችም ወደዚሁ ያደላሉ። አብረው በአንድ ቤት የተመደቡ ወንድማማቾችና እኅትማማቾች በጥቅሉ ሲታይ ተለያይተው ከተመደቡት ይልቅ ይረጋጋሉ፤ ከቤት ቤት መዛወርም ይቀንስላቸዋል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2009 ያጸደቀው የአማራጭ ክብካቤ መመሪያ ነገሩን በግልጽ አስፍሮታል፤ ትስስር ያላቸው ወንድማማቾችና እኅትማማቾች የጥቃት አደጋ ወይም ሌላ ለልጆቹ ጥቅም የሚያመዝን ምክንያት ከሌለ በስተቀር መለያየት የለባቸውም፤ ግድ ቢለያዩም የሚገናኙበት መንገድ ሊበጅላቸው ይገባል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣችው ሕግ ግዛቶች ልጆችን አብሮ ለማስቀመጥ ተገቢውን ጥረት እንዲያደርጉ አስገድዳለች።

ግቢው ሲከፋፍላቸው

«ዘመድ ከሚከፋፍላቸው ማሳደጊያ ይግቡ፣ እዚያ አብረው ይሆናሉ» የሚል ሰው አይጠፋም። የአዲስ አበባን የቆዩ የመንግሥት ማሳደጊያዎች ማየት ለዚህ መልስ ይሰጣል። ክበበ ፀሐይ ጨቅላዎችንና ትንንሾችን ይይዛል። ቀጨኔ የሴቶች ነው፤ ኮልፌ የወንዶች። አንድ እናት የወለደቻቸው የአራት ዓመት ሕፃን፣ የዐሥር ዓመት ሴትና የዐሥራ ሁለት ዓመት ወንድ በዚህ አሠራር ሦስት ግቢ ሊገቡ ይችላሉ። ማንም ክፉ አላሰበባቸውም፤ አልጋው የተደለደለው በዕድሜና በጾታ ስለሆነ ነው።

ኤስኦኤስ የሕፃናት መንደር የተለየ መንገድ ይዞ መጣ። ኦስትሪያዊው ኸርማን ግማይነር እ.ኤ.አ. በ1949 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ሲጀምረው እያንዳንዱ ቤት አንዲት እናት እንዲኖረውና የአንድ እናት ልጆች በአንድ ቤት እንዲያድጉ መሠረት አደረገ። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው መንደር እ.ኤ.አ. በ1974 መቀሌ ላይ ተከፈተ፤ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ሐረር፣ ሐዋሳ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳርም ተከተሉ። ይህ ሥርዓት ብዙ ልጆችን አብሮ አሳድጓል። ሆኖም ቅርቡ መንደር ባሕር ዳር ነው፤ የስማዳ ልጅ እዚያ ለመድረስ ቀዬውን፣ ቋንቋ የተማረበትን ጎረቤት፣ የወላጆቹን መቃብርና መሬቱን ትቶ መሄድ አለበት።

ከሁሉም የራቀው ወደ ባሕር ማዶ የሄደው ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ብቻ ከ2,500 የማያንሱ ልጆች በጉዲፈቻ ወደ አሜሪካ ሄደዋል። አንዳንዱ ቤተሰብ ወንድምና እኅትን አብሮ ወስዷል፤ አንዳንዱ ሕፃኑን ወስዶ ትልቁ ቀርቷል። ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ በአሳዳጊዎቿ እጅ ስትንገላታ ቆይታ እ.ኤ.አ. በ2011 የሞተችው የሐና ዓለሙ ነገር የሀገሩን ልብ ሰበረ። የተወካዮች ምክር ቤት በ2010 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 1070/2010 የውጭ ሀገር ጉዲፈቻን አስቀረ። ዛሬ አድገው የተመለሱ ልጆች «ቤተሰብ ፍለጋ» በመሳሰሉ የመረጃ ቋቶች ስማቸውን አስመዝግበው የሚፈልጉት እናትና አባት ብቻ አይደለም፤ እኅትና ወንድምም ጭምር ነው።

ከግሸን የመጡት ሁለት ልጆች

ወላጅ አልባ ሕፃናትን የሚያሳድግ ድርጅት የመሠረቱት ዶክተር አበበች ጎበና ራሳቸው አባታቸውን በጣሊያን ወረራ ጊዜ ያጡ፣ በአያቶቻቸው እጅ ያደጉ ልጅ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1980 ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ሲሄዱ ወሎን በረኀብ ተመታ አገኟት። ለመንገድ የያዙትን ዳቦና ጠበል አካፈሉ፤ ከዚያም ሁለት ሕፃናትን ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። ዓመት ሳይሞላ በቤታቸው ያሉት ልጆች 21 ደረሱ። ባለቤታቸው «ወይ እኔን ወይ ልጆቹን» አሉ። አበበች ቤታቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር ወጡ፤ በደሳሳ መጠለያ እየኖሩ፣ ምግብ እየሸጡ አሳደጓቸው። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ሲያርፉ በድርጅታቸው በኩል ያለፈው ሰው በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ነበር።

ሀገሩ እሳቸውን እንደ እናት ማየቱ ይገባል። እሳቸውን ማድነቅ ግን በቂ አይደለም። ትዳርን፣ ቤትንና ንብረትን መሥዋዕት አድርጋ 21 ልጅ የምታሳድግ ሴት በየወረዳው አትገኝም። ሦስት ወይም አራት ልጆችን አብሮ ለመያዝ ፈቃዱ ኖሮት አቅሙ የሚያጥረው ቤተሰብ ግን በየቀበሌው አለ። ሥራው እሱን ማገዝ ነው።

> ፈቃዱ ያለው ቤተሰብ በየቀበሌው አለ። የጎደለው የሚያግዘው ነው።

የአደራ ቤተሰብ

በ2001 ዓ.ም. በወቅቱ በነበረው የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴር የወጣው የአማራጭ ሕፃናት ክብካቤ መመሪያ አምስት መንገዶችን ያስቀምጣል፤ ማኅበረሰብ አቀፍ ክብካቤ፣ ከቤተሰብ ጋር መልሶ ማቀላቀል፣ የአደራ ቤተሰብ፣ ጉዲፈቻ፣ በመጨረሻም ማሳደጊያ ተቋም። የአደራ ቤተሰብ ከጉዲፈቻ ይለያል። ልጁ የአሳዳጊው ወራሽ አይሆንም፣ ስሙ አይቀየርም፣ የወላጆቹ ልጅ እንደሆነ ይኖራል። አሳዳጊው በውል የተረከበውን አደራ ይወጣል።

አሠራሩ ረጅም ነው፣ መሆንም አለበት። ፈቃደኛ ቤተሰብ ሲገኝ ባለሙያ ቤት ድረስ ይሄዳል። ምን ይበላሉ፣ የት ይተኛሉ፣ ባልና ሚስት ተስማምተዋል ወይ፣ የቤቱ ልጆችስ ምን ይላሉ? ጎረቤት ይጠየቃል፣ የንስሐ አባት ይጠየቃሉ፣ ፖሊስ ማስረጃ ይሰጣል፣ የጤና ምርመራ ይደረጋል። ልጆቹም ይጠየቃሉ፤ ይህ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር ነው። ውሉ ከተፈረመ በኋላ ክትትል ይቀጥላል። ያለ ክትትል የአደራ ልጅ በቀላሉ እረኛና ገረድ ይሆናል፤ ይህን ስጋት የሚያነሱ ሽማግሌዎች ያዩትን ነው የሚናገሩት።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባድ ናቸው። አሳዳጊዋ እናት ትንሹን ልታጥብ ስትነሳ ታላቂቱ ትቀድማታለች። ምግብ ሲቀርብ ወንዱ ልጅ ግማሹን ከመደቡ ሥር ይደብቃል፤ ነገ እንደሚኖር አያምንም። ልምድ ያላቸው ሰዎች ምክር አላቸው፦ ታላቂቱን ከሥራዋ በአንድ ጊዜ አትንጠቋት፤ አብራችሁ እጠቡ፣ አብራችሁ ቁረሱ፤ ሲደክማት ራሷ ትለቅላችኋለች። አንድ ቀን ከእኩዮቿ ጋር ስትጫወት አርፍዳ ስትመጣና ትንንሾቹ በልተው ስታገኛቸው ያኔ ልጅነቷ ተመልሷል። አብረው ሲቀመጡ መላመዱ የሚቀለውም ለዚህ ነው፤ አዲሱ ቤት እንግዳ ቢሆንባቸው እንኳ በቤቱ ውስጥ የሚያውቁት ሰው አለ።

መሬቱ፣ ከብቱና ተዝካሩ

በገጠር የልጆች መበታተን የሆድ ብቻ ነገር ሆኖ አያበቃም። ወላጆቻቸው ያረሱት መሬት፣ ያረቡት ከብት አለ። ሕፃናቱ አሥራ ስምንት ዓመት እስኪሞላቸው መሬቱን በሞግዚትነት የሚያስተዳድረው ሰው ይኖራል፤ ለእኩል አራሽ ይሰጠዋል፣ ምርቱም ይካፈላል። ልጆቹ በአራት ቤት ሲበተኑ የእህሉን ድርሻ ማን ይይዛል? ብዙውን ጊዜ ሞግዚቱ። ትልቁን ወንድ የወሰደው ሰው መሬቱንም አብሮ ሲይዝ፣ ሴቷና ትንሹ ድርሻ እንዳላቸው የሚያስታውስ ሰው ይጠፋል። ልጅቷ አሥራ አምስት ሲሞላት ደግሞ ለጋብቻ ትታሰባለች፤ ሕጉ አሥራ ስምንት ቢልም የሚከራከርላት ሰው አጠገቧ የለም።

ተዝካሩም አለ። ለሟች ነፍስ ተብሎ በሬው ይታረዳል፣ ላሟ ትሸጣለች፣ ጤፉ ይጋገራል። የቤተ ክርስቲያን አባቶች ራሳቸው ከድግሱ ይልቅ ጸሎቱና ምጽዋቱ ይበቃል እያሉ ሲመክሩ ይሰማል። ያቺ ላም ግን የምትታለበው ለሟች ልጆች ነበር። በዐርባው ቀን የበላው ሕዝብ ይበተናል፤ ልጆቹ ያለ ወተት ይከርማሉ። ይህን መናገር በሀገሩ ቀላል አይደለም፤ ካልተባለ ግን አንድ ቤት አራት ልጅ የሚይዝበት አቅም ከየት ይመጣል? የላሟ ወተት፣ የእኩል እርሻው ድርሻ፣ አቅም ለሌላቸው የሚሰጠው የሴፍቲኔት ቀጥታ ድጋፍ በአንድነት ልጆቹን ለያዘው ቤት ቢገቡ፣ «አራት አፍ አልችልም» የሚለው የአጎት ስሌት ይለወጣል።

> ልጆቹንና የልጆቹን መሬት ለያይቶ የሚያስተዳድር ውሳኔ ልጆቹን ይጎዳል።

ሕጉ ያስቀመጠው ሰው

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 መንግሥት ለወላጅ አልባ ሕፃናት የተለየ ጥበቃ እንዲያደርግ ያዛል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ደግሞ ወላጆች ሲሞቱ ሞግዚትነቱ ለማን እንደሚያልፍ ተራ አስቀምጧል። መጀመሪያ ወደ ላይ የሚቆጠሩ ወላጆች፣ ማለትም አያቶች ናቸው። ቀጥሎ አካለ መጠን የደረሱ ወንድሞችና እኅቶች፤ ከዚያ በኋላ አጎትና አክስት። የአማራ ክልልም የራሱን የቤተሰብ ሕግ በዐዋጅ ቁጥር 79/1995 አውጥቷል።

ይህ ተራ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። የሃያ ዓመት ወጣት ከአጎቱ ይቀድማል። በሠልስቱ ጉባኤ ግን ድምፁ አይሰማም፤ «ገና ልጅ ነው፣ ራሱን ይቻል» ይባላል። ጥቂት ቢደገፍ፣ ማለትም በሬ ቢቀናጅለት፣ ጎረቤት በደቦ ቢያርስለት፣ ታናናሾቹ በቀጥታ ድጋፉ ቢመዘገቡለት፣ በወላጆቹ ጎጆ ሁሉንም ይዞ ሊኖር ይችላል። መምህርና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ደጋግመው ቢያዩት ከባዕድ ቤት ይልቅ ይህ ይበልጣል።

አያት ብቻ ሲቀሩ ነገሩ ይከብዳል። ዐይናቸው የደከመ አሮጊት አራት ልጅ አያሳድጉም ተብሎ ይወሰናል። እሳቸው ግን ልጆቹ እንዳይለያዩ ከማንም በላይ የሚለምኑ ናቸው። በቅርብ ያለ አንድ ቤተሰብ የአደራውን ኃላፊነት ወስዶ፣ ልጆቹ ከአያታቸው ደጅ ሳይርቁ ማደር ይችላሉ። እንዲህ ያለው አሠራር መንደር ውስጥ እንግዳ አይደለም፤ ወረቀት ላይ የሰፈረና የሚከታተለው አካል ግን የለውም።

የባለሙያ እጥረትም እውነት ነው። የወረዳ የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ጥቂት ሰው ይዞ ብዙ ቀበሌ ይሸፍናል፤ መንገድ በሚዘጋበት ሰሞን ደግሞ ገጠር መውጣት አይቻልም። ስለዚህ ሥራው ሩቅ ካለው ቢሮ ይልቅ እዚያው ለቅሶ ላይ በተቀመጡት ሰዎች ትከሻ ላይ ይወድቃል።

እድር ዳኛ፣ የንስሐ አባት፣ የቀበሌ ሊቀ መንበር፣ ርዕሰ መምህር የሆናችሁ ሁሉ፦ ልጆቹን ማን ይውሰድ ከሚለው በፊት ሁሉንም አብሮ የሚይዝ ማን ነው ብላችሁ ጠይቁ። በእድራችሁ መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ አንድ አንቀጽ ጨምሩ፤ የሙት ልጆችን ሳይለያይ ለያዘ ቤት እድሩ በመኸር እህል፣ በእርሻ ጊዜ ደግሞ ጉልበት ያዋጣል የሚል። የልጆቹን የመሬት ደብተርና የከብቶቻቸውን ዝርዝር በምስክር ፊት መዝግቡ። መለያየታቸው ግድ ከሆነም በአንድ ትምህርት ቤት የሚማሩበትን፣ ለእንቁጣጣሽና ለጥምቀት በአንድ ቤት የሚያድሩበትን ስምምነት እዚያው ጻፉ። ይህን ለማድረግ አዲስ ሕግ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ያለው ሕግ ይፈቅዳል።